ሳቢያን የተጣለው ድንኳን

ድንኳኑ የተጣለው በእኔ ጭቅጭቅ ነው። ሥራዬን አሳጥቶኛል፤ ይሁን። ዛሬም ሰፈር ውስጥ የሚያሙኝ አሉ፤ ይሙኝ። ድሬ ላይ ሰው ሲያማሽ ፊትሽ ቆሞ ነው፤ ስለዚህ ማን ምን እንደሚለኝ ልቅም አድርጌ አውቃለሁ። «ለማታውቃት የባሕር ማዶ ሴት ድንኳን ያስጣለች እብድ» ይሉኛል። እብድነቱን ልቀበል። «ለማታውቃት» የሚሉት ነገር ግን ደሜን ያፈላዋል። አውቃታለሁ እንጂ! ከስንቱ የሥጋ ዘመዴ የበለጠ አውቃታለሁ።

እሠራ የነበረው ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው። ከሰፈራችን ከሳቢያን ሰርቪስ ይወስደናል፣ ማታ ይመልሰናል። ሸሚዝ ነው የምንሰፋው፤ እኔ ኮሌታ ላይ ነበርኩ። ፋብሪካው ሲከፈት አብዛኞቻችን ከቤት የስፌት መኪና ሌላ ነክተን አናውቅም ነበር። ያኔ አሠልጣኝ መጣች። ከእኛ ቀድመው፣ የእኛንም ለሚገዛው የውጭ ነጋዴ ሸሚዝ ሲሰፉ ከኖሩበት አገር ነው የመጣችው። አገሯን አልጠራም፤ እሷም ጓደኞቿም አሁንም እዚያው ናቸው፣ በእኔ አፍ ምክንያት ማንም እንዲነካቸው አልፈልግም።

አጠር ያለች፣ ጠንካራ፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። አማርኛ አታውቅም። ኮሌታ ካጣመምሽ ምላሷን ጠቅ ታደርግና እጇን እጅሽ ላይ ጭና ማሽኑን ታዘገየዋለች፤ በቃ፣ ትምህርቱ ይኸው ነው። ሶማሌዎቹ ልጆች «ሐቦ» አሏት፣ አክስት እንደማለት ነው። ከዚያ ኦሮሞዋም አማራዋም ሐረሪዋም ሐቦ አለቻት። እሷም «አቦ!» ማለትን ከእኛ ለመደች። በተናደደች ቁጥር «አቦ! አቦ!» እያለች በማሽኖቹ መሃል ስትዞር ሳቅ ይገድለን ነበር።

ድርሻሽን ካልጨረስሽ ሽንት ቤት መሄድ ክልክል በሆነበት ሰሞን ነው ይበልጥ የወደድናት። ሱፐርቫይዘሩ በር ላይ ቆሞ ልጆቹን ሲመልስ አየችው። ሄዳ እሱ አጠገብ ቆመች፣ በሩን በጀርባዋ ከፍታ ይዛ፣ አንድ በአንድ በእጇ እየጠራች አስገባችን። እሱ ቀላ፣ ጠቆረ። እኔ በሆዴ፣ ይህችን ሴት የወለደች እናት ትባረክ አልኩ።

ከዚያ ደግሞ የጣቴ ነገር አለ። አንድ ቀን ሙቀቱ እንደ ዳቦ ቤት ሆኖ፣ ዓይኔም ከድካም ብዛት እየተከደነ፣ መርፌው ሌባ ጣቴን ጥፍሩ ላይ በስቶ ወጣ። ጮህኩ። የፋብሪካው ነርስ ምሳ ላይ ነበረች። ሐቦ ሮጣ መጣች፣ መርፌውን በእጇ አዙራ አወጣችው፣ ቀና ብላ የምትጠቀልልበት ነገር ስታጣ የራሷን ሻሽ ከራሷ ላይ ገፍፋ በጥርሷ ቀደደችው። ሻሹ ደህና ሻሽ ነበር። የቀረውን ቁራጭ ራሷ ላይ ጠምጥማ እስከ ማታ ሠራች። የፋብሪካው የሰው ኃይል ኃላፊ መጥቶ ያየው ኮሌታውን ነው። «ደም ነክቶታል?» አለ። ወላሂ እንዲህ ነው ያለው።

አገሯ ልትመለስ ስትል ሻሽ እንድንገዛላት ተስማማን። ቀፊራ ገበያ የሄድነው እኔና የመልካ ጀብዱዋ ነን። የመልካ ጀብዱዋ የምላት ከመልካ ጀብዱ የምትመጣ፣ ከእኔ ቀጥሎ ባለው ማሽን ላይ የምትሠራ ልጅ ናት፤ ዓረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች፣ ዓረብኛ እንደ ውኃ የምትጠጣ። ሐቦም በወጣትነቷ ዓረብ አገር ልብስ ሰፍታለች፤ ስለዚህ ከልብ የሚነጋገሩት ሁለቱ ናቸው፣ እኛ የሚደርሰን በልጅቷ ትርጉም ነው። ከቀፊራ ትልቅ ጋርባሳር፣ የሶማሌ ሴቶች የሚከናነቡትን ሻሽ፣ ገዛን፤ ብርቱካንማ ሆኖ አረንጓዴ አበባ ያለበት። ጠርዙ እየተተረተረ ስለነበር ቤቴ ወስጄ እኔው ሰፋሁት። ብርቱካንማ ክር አጣሁና በሰማያዊ ሰፋሁት። የመልካ ጀብዱዋ «አቦ፣ ምን ዓይነት ቀለም ነው? ሠርግ አበላሸሽ!» ብላ ሳቀችብኝ። ሐቦ ግን ሰማያዊውን ጠርዝ በጣቷ ተከትላ ተከትላ፣ ጣቴን ይዛ ጠባሳውን ሳመችው። እኔ ሰው ፊት አላለቅስም፤ ያን ቀን ግን አለቀስኩ።

ከሄደች በኋላ ለመልካ ጀብዱዋ አልፎ አልፎ በስልክ ድምፅ ትልክላታለች፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሰብሰብ ብለን እንሰማለን። አንድ ሰሞን የምትልከው ተለወጠ። ደመወዝ ይጨመርልን ብለው ከሥራ ከወጡ ሳምንታት አልፈዋል፣ አሁን መንገድ ላይ ቆመዋል። ሐቦ ከፊት ናት። «ጋርባሳራችሁን ለብሻለሁ፣ ከሩቅ እንድታዩኝ» አለች። ሳቅን። ፈራንም።

በበነጋው ገና ጎህ ሳይቀድ በሬ ተንኳኳ። እኛ አገር በዚያ ሰዓት በር የሚያንኳኳ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል። መርዶ የሚነገረው በጠዋት ነው። ስከፍት የመልካ ጀብዱዋ ቆማለች፣ በመጀመሪያው ሚኒባስ ነው የመጣችው፣ ፊቷ እንደ አመድ። «ማናት?» አልኳት እንጂ «ምን ሆነሽ?» አላልኳትም። ስልኳን ዘረጋችልኝ።

የእነ ሐቦ ጓደኛ የቀረጸችው ነው። ሰፊ መንገድ፣ ጭስ፣ የሥራ መታወቂያቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ የሚሮጡ ሴቶች። ከወዲያ የብረት ቆብ ያደረጉ ፖሊሶች። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። የምትቀርጸው ሴት እየሮጠች ነው፣ መሬቱ ይዘላል፣ ሰማዩ ይዘላል። ከዚያ ምስሉ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። መንገዱ ዳር አንዲት ሴት ተዘርግታለች። ከራሷ እስከ ጉልበቷ ተሸፍናለች። ብርቱካንማ። አረንጓዴ አበባ። «አቁሚው!» ብዬ ጮህኩ። ጠርዙ ሰማያዊ ነው። የራሴን ስፌት አላጣውም፤ አንዱ ማዕዘን ላይ ክር አልቆብኝ ደርቤ የሰፋሁት ሳይቀር ይታያል።

ደወልን፣ ስልኳ ዝግ ነው። ቪዲዮውን የላከችውም አትመልስም። ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ማንም የእኛ አገር ሰው ያደርገዋል። አስከሬን በዓይናችን አይተናል፣ ልብሷን አይተናል። «እርግጥ ሞታለች ወይ?» ብሎ ማጣራት እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ሟች ላይ እንደማላገጥ ነው። መርዶ ከመጣ ነጠላሽን ታዘቀዝቂያለሽ እንጂ አትመረምሪም። እኔና የመልካ ጀብዱዋ እዚያው በሩ ላይ ተቃቅፈን አለቀስን። ሲነጋ እንባዬ ደርቆ ንዴቴ መጣ። እንዴት ነው ነገሩ? እጇ ላይ ከመርፌ በቀር ምንም ይዛ የማታውቅ ሴት፣ ልጅ አትሽና ብሎ በር ላይ የቆመን ሰው እንኳ ያልሰደበች ሴት፣ ዳቦ ጨምሩልን ስላለች እንደ ውሻ መንገድ ላይ? እና እኔ በሰርቪስ ሄጄ ኮሌታ ልሰፋ?

በቀጥታ ወደ እድራችን ሊቀ መንበር ቤት ሄድኩ። ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ነው፣ አባቴን ያውቀዋል፣ አብረው ሠርተዋል። ድሬ ላይ ሽማግሌንም ቢሆን አንተ እንላለን፣ የመናቅ እንዳይመስላችሁ፣ እንዲህ ነው ያደግነው።

«ድንኳን ስጠኝ» አልኩት።

«ማን ሞተብሽ?»

«ሐቦ።»

«ሐቦ ማናት?»

ነገርኩት። ጢሙን እያሻሸ ሰማኝ። ከዚያ የእድር ሰው ነገር ጀመረ። አባል ናት ወይ? የአባል ምን ናት? እህት፣ አማት፣ አክስት?

«የሥራ እህቴ ናት።»

«መተዳደሪያ ደንባችን ላይ የሥራ እህት የሚባል የለም።»

«ታዲያ ደንባችሁን ጻፉት በድጋሚ!» ብዬ ጮህኩበት። ሚስቱ ከጓዳ ብቅ አለች። ጣቴን አፍንጫው ሥር አስጠጋሁለት፣ ጠባሳው እንዲታየው። «ይህን ስትጠቀልልልኝ ደንብ አልጠየቀችኝም።»

ጠባሳውን አየና፣ እንዲያው ለራሱ እንደሚያወራ፣ «በእኛ ጊዜ እዚህ የባቡር ሠራተኛ ከታሰረ ጅቡቲ ያለው ጓደኛው ለልጆቹ ሩዝና ስኳር በባቡር ይልክ ነበር። አባትሽ ሲታሰር ለእናንተም መጥቷል፣ አንቺ ሕፃን ነበርሽ» አለኝ። ይህን አላውቅም ነበር። ተነስቶ የመጋዘኑን ቁልፍ ከምስማር ላይ አወረደ። «ታጣፊ ወንበሮቹንም ውሰጂ» አለኝ።

ድንኳኑ ደጃፌ ላይ ተጣለ። ጭቅጭቁ ግን ገና ነው። እኔ ደረቴን ልመታ፣ ልጮህ ነው። የመልካ ጀብዱዋ እጄን ያዘችኝ። «ሐቦ ሙስሊም ናት። እኛ ዘንድ በሞት መጮህ ሐራም ነው። ከወደድሻት ዝም ብለሽ አልቅሺላት» አለችኝ። ለእኔ ዓይነቷ ጯኺ ይህ ቅጣት ነው። ግን ለሐቦ ስል ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ዝም አልኩ። የሰፈራችን ሼክ መጥተው ዱዓ አደረጉላት። የማርያም ማኅበርተኞቼ ንፍሮ ቀቅለው አመጡ፣ ከማዶ ያሉት ሐረሪዎች ሩዝ አመጡ። ወንዶቹ ጥግ ይዘው ጫታቸውን ዘረጉ። የሐቦን ፎቶ፣ ከእኛ ጋር ማሽን አጠገብ የተነሳችውን፣ አሳድገን አሳትመን ድንኳኑ ምሰሶ ላይ ሰቀልነው። የማታው ሰርቪስ ሳቢያን ሲደርስ ልጆቹ በሙሉ የሥራ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ወርደው ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። በማግስቱም ወደ ሥራ የሄደ የለም። ለቅሶ ላይ ነና!

እረፋድ ላይ የሰው ኃይል ኃላፊው በፋብሪካው መኪና መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ገባ፣ መነጽሩን አላወለቀም፣ አልተቀመጠም። ለቅሶ ቤት ገብቶ የማይቀመጥ ሰው! አሮጊቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ይሄ ምንድነው?» አለ።

«ለቅሶ ነው። ዓይን የለህም?» አልኩት።

«የፋብሪካው ሠራተኛ አይደለችም። ይሄ በሕግ ሥራ ማቆም ነው። አስቸኳይ ትዕዛዝ መጥቷል፣ ካርቶኖቹ ግቢ ውስጥ ቆመዋል።»

የመልካ ጀብዱዋ ቀና አለች። «የምን ትዕዛዝ ነው?» አለችው።

ሰዓቱን አየ። ከኋላው ሹፌሩ ነው የነገረን፣ ሻይ ስንሰጠው፣ በሹክሹክታ። የእነ ሐቦ ሥራ ነው። እነሱ መንገድ ላይ ስለወጡ ሳይሰፋ የቀረውን፣ ተቆርጦ የተዘጋጀውን ሸሚዝ ያው ነጋዴ ጭኖ ወደ እኛ ልኮታል። ይግባችሁ። እሷን በጥይት፣ ሥራዋን በካርቶን። እሷ የጣለችውን መርፌ እኔ አንስቼ እንድቀጥል። ሰውዬውን ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ የእድሩ ሊቀ መንበር ራሱ «በስመ አብ» ብሎ አማተበ። አንድም ሴት ግን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ካርቶኖቹ ሳይከፈቱ ቆሙ፣ ኋላ ወደ ሌላ አገር እንደጫኗቸው ሰማሁ።

ከሰዓት ፖሊስ መጣ። አንድ ኢንስፔክተርና ሁለት ተከታዮቹ። ሕገ ወጥ ስብሰባ አለ ተብሎ ተደውሎላቸዋል። ኢንስፔክተሩ የድንኳኑን መጋረጃ ገለጥ አድርጎ አየን። ሴቶች መሬት ፍራሽ ላይ፣ ሼክ፣ ንፍሮ፣ ፎቶ። እሱም የሰው ልጅ ነው፣ የድሬ ልጅ ነው፣ ቆቡን አወለቀና ተቀመጠ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ። «አሜን» አልን። ንፍሮ ዘገኑለት፣ ተቀበለ።

ፎቶውን አየና «ምናችሁ ናት?» አለ።

«እህታችን።»

«ምን አገኛት? ታማ ነበር?»

«አልታመመችም» አልኩት። «ደመወዝ ይጨመርልን ብላ መንገድ ላይ ስትቆም እንዳንተ ያለ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ተኩሶባት ነው።»

እጁ ላይ ያለው ንፍሮ ወደ አፉ አልሄደም። ከተከታዮቹ አንዷ፣ ወጣቷ ፖሊስ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

«እዚህ አገር አይደለም ግን» አለ በመጨረሻ።

«አይደለም። ደስ ይበልህ» አልኩት። የመልካ ጀብዱዋ እግሬን ቆነጠጠችኝ። እሱ ግን አልተቆጣም፣ ንፍሮውን ኪሱ ውስጥ ከተተና ተነሳ። «ለቅሶ አይበተንም» አላቸው ለተከታዮቹ። ሄዱ። እንዲህ ስላደረገ አላመሰግነውም፤ ሰው ሊያደርገው የሚገባው ይኸው ነው። ያኛው ኢንስፔክተር፣ የባሕር ማዶው፣ ይህን ቢያደርግ ድንኳን ባላስፈለገ።

ያን ቀን የመልካ ጀብዱዋ ስልኳን አነሳችና ድንኳኑን ቀረጸች። ፎቶውን፣ ሽርጥ የታጠቁትን ልጆች፣ ሼኩን፣ ነጠላ ያዘቀዘቁትን አሮጊቶች። በዓረብኛም ተናገረች፦ እኛ ድሬዳዋ ያለን ልብስ ሰፊዎች ነን፣ ይህች መምህራችን ናት፣ ገድላችኋታል፣ ሥራዋን አንሰፋም። ለእነ ሐቦ ጓደኞች ላከችው። ማን ያየዋል ብዬ ነበር። አቦ! ቪዲዮው እንደ እሳት ተያያዘ። እዚያ አገር ፋብሪካ ለፋብሪካ ተዳረሰ። ሸሚዛችን የሚሸጥባቸው አገሮች እንኳ ደረሰ፤ የሱቅ ሠራተኞች የሐቦን ፎቶ ይዘው፣ ያንኑ እኛ ምሰሶ ላይ የሰቀልነውን፣ በገዛ ሱቃቸው በር ላይ ቆመው የሚያሳይ ምስል መጣልን። በዚያ ብርድ፣ ካፖርት ለብሰው። አንዷ ልክ እንደ እኛ ራሷ ላይ ነጭ ነጠላ ጣል አድርጋለች፣ ከቪዲዮው አይታ መሆን አለበት፣ አደራረቧ ግን ጉድ ነበር። ሳቅኩ። ሰው ለካ ሰው ነው አልኩ።

በሣልስቱ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ሼኩ ዱዓ ላይ እያሉ የመልካ ጀብዱዋ ስልክ ጮኸ። አየችው። ስልኩን ጣለችው። ፍራሹ ላይ ወድቆ እየጮኸ ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየን። ሐቦ ናት የምትደውለው። ከፎቶዋ ጋር።

የጎረቤቴ እናት «የሞተችው ደወለች!» ብለው ንፍሮውን በትነው ወጡ። ሼኩ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉ። እኔ ነኝ ያነሳሁት። ፊቷ መጣ። አንድ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል፣ ከንፈሯ ተሰንጥቋል። ፎቶዋ ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ፣ ከሥሩ እኛ ነጠላ አዘቅዝቀን አየችን። «አቦ!» አለች።

እልልታው ሌላ ነው። ሳቢያን ተናወጠ። የለቅሶ ድንኳን ውስጥ እልል የተባለው እኛ ቤት ብቻ ሳይሆን አይቀርም። የእድሩ ሊቀ መንበር በደስታ ብዛት እየዘለለ የድንኳኑን ካስማ መንቀል ጀመረ።

ከዚያ የመልካ ጀብዱዋ ስልኩን ይዛ ቁጭ አለች፣ ሐቦ እየነገረቻት ቃል በቃል ወደ አማርኛ መለሰችልን። ከመንገድ ላይ ይዘዋት ነው። ያልታወቀ ቦታ አስቀመጧት፣ ደበደቧት። ጓደኞቿ ጣቢያ ለጣቢያ ሲፈልጓት «እንዲህ የምትባል ሴት አልያዝንም» ብለው አባረሯቸው። የእኛ ለቅሶ ሲደርስ ግን ሠራተኛው ሁሉ ጣቢያው በር ላይ ፈሰሰ። «አፍሪካ ውስጥ ተለቅሶላታል፣ አስከሬኗን ስጡን!» አሉ። በየአገሩ ያየው ሁሉ አስከሬኗን ስጡ ማለት ጀመረ። የሌለ አስከሬን ከየት ያምጡ? ተጨነቁና ካሜራ ፊት አወጧት። «ይኸው በሕይወት አለች፣ እነዚያ ሴቶች ውሸታሞች ናቸው» አሉ። አንዴ በሕይወት አለች ካሉ በኋላ ደግሞ መልሰው ሊውጧት አልቻሉም፣ ለቀቋት። እነሱ ከፈለጉ ውሸታም ይበሉን። ተሳስተን አወጣናት።

ሳቅን፣ ተቃቀፍን። እኔ ግን አንድ ነገር ደረቴ ላይ ተቀምጦብኛል። የመልካ ጀብዱዋን ጎሸም አደረግኳት። «ጋርባሳሩን ጠይቂያት» አልኳት። «ከጋርባሳሩ ሥር የነበረችው ማናት?»

ጠየቀቻት። ካስማ የሚነቅለው ሽማግሌ እንኳ ካስማውን እንደያዘ ቆመ።

ሐቦ አጠገብ ማሽን ላይ የምትሠራ ልጅ ናት፣ አለችን። ሥራ ከጀመረች ገና ነው፣ እጅጌ መስፋት ሐቦ እያስተማረቻት ነበር። ደረቷን ነው በጥይት የመቷት። ሐቦ የምትጠቀልልበት ነገር ስታጣ ጋርባሳሩን ከራሷ ላይ ገፍፋ የልጅቷ ቁስል ላይ ይዛ ጮኸች፣ ማንም አልመጣም። ልጅቷ እጇ ላይ አለፈች። ያኔ አለበሰቻት፣ ሐቦንም እዚያው ይዘዋት ሄዱ። ፖሊስ የልጅቷ ቤተሰቦች በዚያው ቀን እንዲቀብሯት አስገድዷቸዋል። የቤታቸው በር ላይ ጠባቂ ቆሟል። ድንኳን የለም፣ ለቀስተኛ አይገባም፣ ጩኸት ከተሰማ ወንድሟን እንወስደዋለን ብለዋል። «ይቅር በሉኝ፣ ጋርባሳራችሁ ከእሷ ጋር ተቀበረ» አለች ሐቦ።

እኔ ሽማግሌውን ዞሬ አየሁት። «መልሰህ ትከለው» አልኩት። ወዲያው ካስማውን ወደ ጉድጓዱ መለሰው፣ በድንጋይ መታው።

ኢንስፔክተሩ በማግስቱ ብቻውን መጣ። ወሬው ደርሶታል፣ ፊቱ ፈክቷል። «እንኳን ደስ ያላችሁ! ታዲያ ድንኳኑ አሁንም አለ እንዴ? የምታለቅሱላት እኮ በሕይወት አለች» አለ።

«አንዷን አሳዩን፣ ተመስገን። ሌላዋንም በሕይወት ያሳዩንና እናነሳዋለን» አልኩት። ነገሩን ስነግረው ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ ጠፋ። ቆቡን አወለቀና ተቀመጠ፤ ያኔ ነው ስልኩ የመጣው።

ሐቦ ናት የደወለችው። በጓሮ በኩል ወደ ሟቿ ቤት ገብታለች። ስልኩን ለልጅቷ እናት ሰጠቻት። ትልቅ ትራስ አምጥተን፣ እናት በምትቀመጥበት ቦታ፣ ድንኳኑ መሃል፣ የእኛን ስልክ አስደግፈን አስቀመጥነው። ሴትየዋ ከእኔ አትበልጥም። ቋንቋዋን አንዳችንም አንሰማም። እያንዳንዳችን ተራ በተራ ስልኩ ፊት በርከክ ብለን በየቋንቋችን በሹክሹክታ አጽናናናት። ኢንስፔክተሩም ተራው ሲደርስ፣ ፊቱንና ዩኒፎርሙን እንዳታይ ብሎ፣ ከስልኩ ጎን ተንበርክኮ ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ እናትየዋ ማልቀስ ጀመረች። ይህን ለቅሶ አይቼ አላውቅም። አፏ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል፣ የአንገቷ ሥር ተገትሯል፣ እጆቿ ጉልበቷን ይመታሉ፣ ድምፅ ግን የለም። ምንም ድምፅ የለም። ከበስተኋላዋ በሩ ይታያል፣ ከበሩ ሥር ባለው ክፍተት የጠባቂው ጫማ ጥላ ወዲያ ወዲህ ይላል። እሱ እንዳይሰማ፣ ወንድ ልጇን እንዳይወስድባት ብላ ነው አፏን ከፍታ ዝም የምትለው።

እኔ ነጠላዬን ነከስኩ፣ ለሐቦ ስል ላለመጮህ የገባሁት ቃል አለ። የመልካ ጀብዱዋ ክንዴን ይዛ ነበር፣ እየጨመቀችኝ መጣች፣ ጥፍሯ ገባ። ከዚያ ለቀቀችኝ። ስልኩን አንስታ ለሐቦ «ድምፁን ዝጊው፣ እዚያ እንዳይሰማ። እሷ ግን ትየን» አለቻት። ሐቦ ዘጋችው።

«ዝምታው የአላህ ሲሆን እሺ» አለች የመልካ ጀብዱዋ ወደ እኔ ዞራ። «የፖሊስ ሲሆን እምቢ።»

ተነሳች፣ እጇን ራሷ ላይ ጭና ጮኸች። ከዚያ እኔ ጮህኩ። ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ፣ እስላሙ ክርስቲያኑ፣ አሮጊቱ ልጁ፣ በስንት ቋንቋ፣ ደረት እየመታን፣ «ልጄን! ልጄን!» እያልን ጮህን። እናትየዋ አፏን ከፍታ እኛን፣ እኛ እሷን እያየን፣ እሷ ልታወጣው ያልቻለችውን ድምፅ በሙሉ እኛ አወጣነው። ባጃጆች ቆሙ፣ ሰው ከየቤቱ ወጣ። ኢንስፔክተሩ ጆሮውን አልያዘም፣ አላስቆመንም። ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ።